ሉካንዳ፣ ምግብ ቤትና የጤና ተቆጣጣሪ በጆሃንስበርግ

ጄፒ ላይ ሉካንዳ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ሀበሻ «ኢንስፔክተር መጣ» ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሥጋው አይደለም፤ ስለ ወረቀቱ ነው። የጥገኝነት ወረቀቴ ጊዜው አልፎ ይሆን? የአስተናጋጇስ? የኪራይ ውሉን የት አስቀመጥኩት? አይፈረድበትም። በዚህ ከተማ የጤና ተቆጣጣሪው ብቻውን የሚመጣበት ቀን እንዳለ ሁሉ፣ ከሜትሮ ፖሊስ፣ ከኢሚግሬሽን ሹምና ከእሳት አደጋ ሠራተኛ ጋር ተሰልፎ የሚመጣበት ቀንም አለ። ሁሉም ፋይል ይዘዋል፣ ሁሉም ይጠይቃሉ፣ ሁሉም ይጽፋሉ። ስለ ፍሪጁ ቅዝቃዜ የሚጠይቀው የትኛው እንደሆነ በዚያ ግርግር መካከል ማን ይለያል?

ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። ተቆጣጣሪን ሸሽቶ ማሳለፍ እንደ ብልሃት ሲቆጠር፣ ፍሪጅ ማስጠገን እንደ ትርፍ ወጪ ይቆጠራል። ጥሬ ሥጋ ለሚበላ ሕዝብ ይህ አደገኛ ሒሳብ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የጤና ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ሕግ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚያይና የሚያየው ነገር ለምን እንደሚጠቅመን ከሌሎቹ ለይቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ቀን በማቀዝቀዣና በቧንቧ ሥራ የምተዳደር፣ ማታ የምጽፍ መሐንዲስ ነኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሁለት ሕግ፣ ሁለት ተቆጣጣሪ

በደቡብ አፍሪካ አንድ በሬ ከበረት ተነሥቶ ሳህን ላይ እስኪደርስ በሁለት መሥሪያ ቤቶች ዓይን ሥር ያልፋል። የመጀመሪያው ቄራው ላይ ነው። ቄራን የሚመለከተው በ2000 የወጣው የሥጋ ደኅንነት ሕግ ቁጥር 40 ሲሆን፣ ኃላፊነቱ የግብርና መሥሪያ ቤትና የየክፍለ ሀገሩ የእንስሳት ሕክምና ክፍል ነው። ከብቱ ከመታረዱ በፊት በቁሙ ይታያል፤ ከታረደ በኋላ ጭንቅላቱ፣ ምላሱ፣ ሳንባው፣ ጉበቱና ልቡ ይመረመራሉ። የጉንጩ ጡንቻና ልቡ በቢላዋ የሚሰነጠቁት እኛ በደንብ ለምናውቀው ነገር ነው፤ ለኮሶ። የኮሶ ትል በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ውሃ የቋጠረች፣ ከአተር የማትበልጥ ፊኛ ሆና ትቀመጣለች። እዚህ አገር «ሚዝልስ» ይሏታል፤ ከኩፍኝ ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኛት ነገር የለም። ሥጋው እስከ ውስጡ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ትሞታለች፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ 10 ቀን ብትቆይም ትሞታለች። ጥቂት ፊኛ የተገኘበት ሥጋ በቅዝቃዜ ታክሞ የሚለቀቀው፣ ብዙ የተገኘበት ግን የሚወገደው ለዚህ ነው።

ምርመራውን ያለፈ ሥጋ የቄራው ቁጥር ያለበት ማኅተም ይመታበታል። ብዙ ሰው ይህን ማኅተም በግማሽ ጎኑ ርዝመት ከተሰመረው ባለቀለም ምልክት ጋር ያምታታዋል። ባለቀለሙ የዕድሜ ደረጃ ነው። ወይን ጠጁ «ኤ» ቋሚ ጥርስ ያላወጣ፣ አረንጓዴው «ኤቢ» አንድ ወይም ሁለት ያወጣ፣ ቡናማው «ቢ» ከሦስት እስከ ስድስት፣ ቀዩ «ሲ» ከስድስት በላይ ያወጣ ከብት ነው። ይህ ስለ ለስላሳነቱ እንጂ ስለ ጤንነቱ የሚናገረው ነገር የለም። (የግል አስተያየቴን ለጠየቀኝ፣ «ኤ» ለቁርጥ ገና ልጅ ነው፤ ጣዕም አልያዘም። «ሲ» ደግሞ ለጥርስ ሐኪም ሥራ ይፈጥራል።)

ሥጋው የቄራውን በር ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሕጉም ሹሙም ይለወጣሉ። የሚያጓጉዘው መኪና፣ ሉካንዳው፣ ምግብ ቤቱ፣ መንገድ ዳር የሚጠበሰው ሁሉ በ1972 የወጣው የምግብ፣ የመዋቢያና የፀረ ተሕዋስያን ሕግ ቁጥር 54 ሥር ነው። ዝርዝሩ ያለው ሰኔ 22 ቀን 2018 በታወጀው «አር 638» በሚባለው ደንብ ውስጥ ነው፤ ከእርሱ በፊት የ1999 እና የ2012 ደንቦች ነበሩ። አስፈጻሚው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ጆሃንስበርግ ከ«ኤ» እስከ «ጂ» በሰባት ክልሎች የተከፈለች ስትሆን፣ መሀል ከተማውና የእኛው ጄፒ በክልል «ኤፍ» ውስጥ ናቸው።

የዚህ ሁለተኛው ተቆጣጣሪ የሙያ ስሙ ረጅም ነው፤ ኢንቫይሮንሜንታል ሄልዝ ፕራክቲሽነር። በእኛ አገር አጠራር ሳኒተሪያን ማለት ነው። ሙያው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 ሲከፈት ከጤና መኮንኖችና ከማኅበረሰብ ነርሶች ጋር ያሠለጥን የነበረው ሳኒተሪያኖችን ነው። ጉድጓድ፣ መጸዳጃ፣ ምንጭ፣ ጠጅ ቤትና ሉካንዳ እየዞሩ ያዩ የነበሩት እነርሱ ናቸው። እዚህም ሥራው ያው ነው። ፖሊስ አይደለም፣ የኢሚግሬሽን ሹምም አይደለም፤ በጤና ሙያ ካውንስል የተመዘገበ ባለሙያ ነው፤ እንደ ሐኪሙ ሁሉ ስሙ በካውንስሉ መዝገብ ላይ ይፈለጋል።

ቅርጫስ?

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ገበያው ላይ ያለው ሥጋ አብዛኛው የሐላል ምልክት አለበት። ለሙስሊም ወገኖቻችን ይህ ዕረፍት ነው። ከኦርቶዶክሱ ግን ብዙው ለፋሲካና ለገና በራሱ ወገን እጅ የታረደ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከከተማ ወጥቶ ከገበሬ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ቅርጫ ይሆናል። ሕግ ይፈቅዳል?

የሥጋ ደኅንነት ሕጉ ከቄራ ውጭ ማረድን በመርሕ ይከለክላል። ነገር ግን ለራስ ፍጆታ፣ ለባህልና ለሃይማኖት የሚደረግን እርድ ከክልከላው አውጥቶታል። ዋናው ቁም ነገር ከዚያ የሚቀጥለው ነው፤ በዚህ መንገድ የታረደ ሥጋ አይሸጥም። እንግዲህ እኔ ሕጉን ሳነበው፣ አሥር ሰው ገንዘቡን አዋጥቶ በሬውን በቁሙ ገዝቶ፣ አርዶ ቢካፈል የየራሱን ሥጋ በላ። አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ አርዶ፣ መደብ መደብ አድርጎ በዋጋ ካከፋፈለ ግን ቅርጫ ቢለውም ሽያጭ ነው። በሬው የተገዛበት ደረሰኝና የአባላቱ ስም ዝርዝር ከእርዱ በፊት መጻፉ ልዩነቱን ያሳያል። ከዚህ ሥጋ አንድ ኪሎ እንኳ ወደ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ከገባ ነገሩ አበቃ፤ ማኅተም የሌለው ሥጋ ለሽያጭ ቀረበ ማለት ነው። በመኖሪያ ግቢ ማረድ ደግሞ የከተማው የኅብረተሰብ ጤና መተዳደሪያ ደንብም ይነካዋል፤ ቀደም ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅና ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ለጎረቤት መንገርም ደግ ነው። ደም በፍሳሽ መውረጃ ሲወርድ ያየ ጎረቤት የሚደውለው ለጤና ቢሮ ሳይሆን ለፖሊስ ነው።

የቅዝቃዜ ነገር

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ።

የአዲስ አበባ ሉካንዳ የሚሠራው በፍጥነት ነው። በሬው ሌሊት ቄራ ይታረዳል፣ ማለዳ ሉካንዳው ላይ ይሰቀላል፣ ማታ አጥንቱ ይቀራል። ፍሪጅ ባይኖርም ሥጋው ለመበላሸት ጊዜ አላገኘም፤ የላይኛው ገጽታውም በደረቁ የደጋ አየር ደርቆ ለባክቴሪያ የማይመች ሆኗል። የደቡብ አፍሪካ ሥርዓት ግን የሚሠራው በቅዝቃዜ ነው። ሥጋው በመደበኛው አሠራር ቄራውን ከመልቀቁ በፊት እስከ ውስጡ 7 ዲግሪ ይደርሳል፤ በቀዝቃዛ መኪና ይጓዛል፤ ሉካንዳ ሲደርስ የታረደ ሳምንት ሊሆነው ይችላል። ዕድሜውን ያረዘመለት ቅዝቃዜው ብቻ ነው።

ሁለቱም ሥርዓቶች ይሠራሉ። የማይሠራው ድቅላቸው ነው። በቅዝቃዜ ሳምንት የቆየውን ሥጋ አምጥቶ እንደ አዲስ አበባ ሉካንዳ ከቀትር እስከ ማታ መስኮት ላይ መስቀል ማለት፣ ከሁለቱም መጥፎውን መውሰድ ነው። ቀዝቃዛ ሥጋ ሞቃት አየር ሲያገኝ እንደ ቢራ ጠርሙስ ጤዛ ያወጣል፤ ገጽታው ይረጥባል፤ ሳምንቱን ሙሉ ተኝተው የነበሩት ባክቴሪያዎች ይነቃሉ። በሚመቻት ሙቀት በየ20 ደቂቃው እጥፍ የምትሆን ባክቴሪያ ከአንድ ተነሥታ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን ታልፋለች። ይህ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው፤ እውነተኛ ሥጋ ላይ እንዲህ የተስተካከለ አይሆንም፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

ደንቡ ያስቀመጣቸው ቁጥሮች ጥቂት ስለሆኑ በቃል መያዝ ይቻላል። ጥሬ ዓሣ፣ ዶሮ፣ የሆድ ዕቃና ወተት ከ4 ዲግሪ አይበልጥም። ሌላው በቅዝቃዜ መቀመጥ ያለበት የሚበላሽ ምግብ ከ5 ዲግሪ አይበልጥም። «የበረደ» ተብሎ የሚሸጥ ከዜሮ በታች 12 ወይም ከዚያ የቀዘቀዘ ይሆናል። ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ። ከ5 እስከ 60 ያለው መካከለኛው አገር ለምግብ የማይመች አገር ነው። በቡፌ ላይ ለብ ብሎ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ቀይ ወጥ የሚያድረው እዚያ ውስጥ ነው።

ክትፎን በተለየ ማየት ያስፈልጋል። ባልተከተፈ ሥጋ ላይ ባክቴሪያ የሚቀመጠው በአብዛኛው በውጭ ገጽታው ነው፤ ሲጠበስ መጀመሪያ የሚነካው እሳትም ያንኑ ገጽታ ነው። ሲከተፍ ግን ውጩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ቢላዋው፣ መክተፊያውና የቆራጩ እጅ ያለባቸውም አብሮ ይገባል። ብዙ ወገን «እኔ ሥጋውን ፍሪዘር አሳድሬ ነው ክትፎ የማደርገው» ይላል። አንድ ሌሊት ለኮሶም አይበቃም። አሥሩን ቀን ቢቆይ እንኳ ለኮሶ ይሠራል እንጂ ሳልሞኔላና አደገኛው ኢ. ኮላይ በብርድ አይሞቱም፤ ይተኛሉ፣ ሲፈታ ይነሣሉ። እናቶቻችን ያወቁትና በኮሶ ዛፍ አበባ ያከሙት ጠላት ትሉን ነበር። ባክቴሪያው በዓይን አይታይም፣ ሽታም ላይኖረው ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃን፣ አዛውንትና የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ጥሬ ሥጋ ባይቀርብላቸው ይሻላል። አገር ቤት እያለን ያልተባልነው ነገር ስለሆነ ለእንግዳ መናገር ይከብዳል፤ ቢሆንም ባለ ምግብ ቤቱ መናገር አለበት።

ፍሪጁን በተመለከተ በየሱቁ የማየው ችግር ተመሳሳይ ነው። በሩ ላይ ያለው ጎማ ተቀዷል። ሥጋው እስከ ጣሪያው ስለተጠቀጠቀ ቀዝቃዛው አየር የሚዞርበት መንገድ የለም። የኋላው መረብ አቧራና ስብ ጠጥቶ ሙቀት ማስወጣት አቅቶታል። ከላይ የሚበራው ዲጂታል ቁጥር የሚያሳየው ደግሞ የአየሩን ሙቀት እንጂ የሥጋውን አይደለም። ተቆጣጣሪው የራሱን መርፌ ያለው ቴርሞሜትር የሚወጋው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ቴርሞሜትር ባለሱቁም በርካሽ ሊገዛው ይችላል፤ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ከተፈጨ በረዶና ከጥቂት ውሃ ድብልቅ ውስጥ ቢነክረው ዜሮ ማንበብ አለበት። በፈላ ውሃ የሚሞክር ግን እንዳይደናገጥ፤ ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባማ ከዚህም ይወርዳል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ከፍታው ነው።

መብራትና ውሃም አሉ። በ2022 እና በ2023 ሎድ ሸዲንግ ደረጃ 6 ሲደርስ በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ መብራት ይጠፋ ነበር። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ ሁለት ቀን። መብራት በጠፋ ቁጥር «እስኪ ሥጋው እንዴት ሆነ» እያሉ በሩን መክፈት ሥጋውን የሚያበላሽ ጉብኝት ነው። በተረፈ፣ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ መጻፍ ከጄኔሬተር ይረክሳል። ደንቡ እጅ መታጠቢያ ላይ ውሃ፣ ሳሙናና ማድረቂያ ይጠይቃል፤ የከተማው ውሃ ሲቋረጥ ይህ ግዴታ አይቋረጥም። ጣሪያ ላይ ያለ ታንክ ስንት ችግር እንደሚያቃልል የሚያውቀው ታንክ የሌለው ነው።

ፖሎኒው

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ንጹሕ፣ ትንንሾቹ ሱቆች ቆሻሻ ናቸው የሚል እምነት በዚህ አገር ሥር የሰደደ ነው። በ2017 እና በ2018 የሆነው ግን ሌላ ነው።

በ2017 አጋማሽ የጆሃንስበርግና የፕሪቶሪያ ሆስፒታሎች ሊስቴሪዮሲስ በሚባለው በሽታ የተያዙ ብዙ አራስ ሕፃናትን ማየት ጀመሩ። ሊስቴሪያ ከሌሎቹ የምትለየው ፍሪጅ ውስጥም ቀስ እያለች መራባቷ ነው። ወራት አለፉ፣ ምንጩ አልታወቀም። በጥር 2018 ከሶዌቶ አንድ መዋዕለ ሕፃናት የመጡ ልጆች ተቅማጥና ትውከት ይዟቸው ክሪስ ሃኒ ባራግዋናት ሆስፒታል ገቡ። የጤና ተቆጣጣሪዎች ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደው ፍሪጁን ከፈቱ፤ ያገኙትን ፖሎኒ ናሙና ወሰዱ። ባክቴሪያዋ ተገኘች። ፈለጉን ተከትለው ፖሎክዋኔ ከሚገኘው የኢንተርፕራይዝ ፋብሪካ ደረሱ፤ የዚያን ጊዜ ባለቤቱ ታይገር ብራንድስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2018 የጤና ሚኒስትሩ አሮን ሞትሶአሌዲ ምንጩን ለሕዝብ አሳወቁ። እስከ ሐምሌ 2018 በላቦራቶሪ የተረጋገጡት ሕሙማን 1,060፣ የሞቱት 216 ነበሩ፤ ከአሥሩ ሕሙማን አራት ያህሉ ገና ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ብሎታል። አር 638 በዚያው ዓመት የወጣው ወረርሽኙ ሳይዘጋ ነው።

የገዳዩን ምግብ ምንጭ ያጋለጠው እንግዲህ አንድ ሳኒተሪያን አንድ ፍሪጅ መክፈቱ ነው። እንደዚህ ዓይነት ሰው ግን ይህች ከተማ አይበቃትም። የአገሪቱ መለኪያ ለ10,000 ነዋሪ አንድ ተቆጣጣሪ ይላል። በ2022 ቆጠራ የጆሃንስበርግ ሕዝብ 4.8 ሚሊዮን ስለነበር፣ በመለኪያው 480 ያህል ያስፈልጋታል ማለት ነው። እጥረት መኖሩን መንግሥትም አይክድም። ተቆጣጣሪ ሲያንስ በየጊዜው የሚደረግ ጉብኝት ይቀርና በዘመቻ ይተካል፤ ዘመቻ ደግሞ ከፖሊስና ከኢሚግሬሽን ጋር ነው።

ንጽሕናና ማባረር

ንጽሕናና ማባረር በዚህ ከተማ አብረው የቆዩ ናቸው። ከጄፒ ወደ ምዕራብ በእግር የሚደረስበት፣ የአፍሪካ ሙዚየም ያለበት ኒውታውን ዱሮ ሕንዶችና ጥቁሮች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። በ1903 ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን ወሰደው፤ ጽዳቱ ግን ከመሻሻል ይልቅ ባሰበት። በዚያን ጊዜ ጆሃንስበርግ ጠበቃ የነበረው ጋንዲ በ1904 መጀመሪያ ለከተማው የጤና ሹም ለዶክተር ፖርተር አደጋውን በደብዳቤ አሳውቆ ነበር። በመጋቢት 1904 የሳንባ ወረርሽኝ ገባ። ጋንዲም ሕሙማን ካስታመሙት አንዱ ሆነ። ከተማው ሰፈሩን በእሳት አቃጠለው፤ ነዋሪዎቹን ከከተማው ውጭ ወደ ክሊፕስፕሩት አሰፈራቸው። ሶዌቶ የተጀመረችው ከዚያ ነው። ንጽሕና የማይፈለግን ሰው ማስወገጃ ሊሆን እንደሚችል ያየች ከተማ ናት።

ስለዚህ በነሐሴ 2018 «የውጭ ዜጎች የውሸት ምግብ፣ ጊዜው ያለፈበት ምግብ ይሸጣሉ» የሚል ወሬ ሶዌቶ ላይ ሲነዛና ሱቆች ሲዘረፉ፣ ሰዎችም ሲሞቱ፣ ነገሩ አዲስ አልነበረም። በጥቅምት 2024 ደግሞ በሶዌቶ ናሌዲ ስድስት ልጆች ሞቱ። ገዳዩ ባክቴሪያ አልነበረም፤ ቴርቡፎስ የተባለ የእርሻ ፀረ ተባይ መርዝ ነበር። አይጥ ያስቸገራቸው የከተማ ዳር ሰፈሮች ከጎዳና እየገዙት ነበር፤ በአንዳንድ ስፓዛ ሱቆችም ከምግብ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር። ፕሬዚዳንት ራማፎሳ ኅዳር 15 ቀን 2024 ባደረጉት ንግግር ሆን ተብሎ የተደረገ ለመሆኑ ማስረጃ እንደሌለ ገለጹ፤ የስፓዛና የምግብ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡም አዘዙ። ጊዜው በኋላ እስከ የካቲት 28 ቀን 2025 ተራዘመ። እንዲህ ያለ ወሬ በተነሣ ቀን ባለሱቁ የሚያሳየው ነገር ከሌለው ቃሉን የሚሰማው የለም። ግድግዳው ላይ የጤና ወረቀት፣ መሳቢያው ውስጥ የሸቀጥ ደረሰኝ ያለው ቢያንስ የሚናገረው አለው። ወረቀት ድንጋይ እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ ማዘጋጃ ቤት ፊትና ፍርድ ቤት ፊት ግን ይቆማል።

ፍርድ ቤት ቀርበን የቆምንበት ጊዜም አለ። በ2012 ሊምፖፖ ውስጥ ፖሊስ «ሃርድስቲክ» በተባለ ዘመቻ ከ600 በላይ የስደተኞች ሱቆች ዘጋ። የሶማሌ ማኅበርና በደቡብ አፍሪካ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ አብረው ተከራከሩ፤ መስከረም 26 ቀን 2014 የሰበር ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች የንግድ ፈቃድ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ወሰነ። የስደተኞች ሕጉ በ2020 መግቢያ ላይ ስለተለወጠ ዛሬ የየግሉን ሁኔታ ከጠበቃ ማጣራት ያስፈልጋል።

ወረቀቱና ጉብኝቱ

ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ወረቀት «ሰርቲፊኬት ኦፍ አክሰፕተቢሊቲ» ይባላል። ቤቱ ለምግብ ሥራ ብቁ ነው የሚል የማዘጋጃ ቤት ምስክርነት ነው። ማመልከቻ ይሞላል፣ ተቆጣጣሪው መጥቶ ቤቱን ያያል፣ የጎደለውን ይጽፋል፣ ሲሟላ ይሰጣል። ከንግድ ምዝገባ ይለያል፤ ምግብ ቤት ከሆነ የሚያስፈልገው የንግድ ፈቃድም ሌላ ነው። ደንቡ ለቤቱ አንድ ኃላፊ እንዲሰየምና ያ ሰው በምግብ ንጽሕና የሠለጠነ እንዲሆን ያዛል። ሥልጠናው የጥቂት ቀን ነገር ነው። እኔ ብሆን ገንዘብ ተቀባዩን ሳይሆን ሥጋ ቆራጩን እልክ ነበር።

ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ያለ ቀጠሮ መግባት፣ መመርመር፣ ናሙና መውሰድ፣ የተበላሸ ምግብ መያዝ ይችላል። ሹመቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ግን መያዝ አለበት፤ አሳየኝ ማለት ድፍረት አይደለም፣ መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2006 በማጋጃኔ ጉዳይ እንዳስረዳው፣ በንግድ ቤት የሚደረግ የተለመደ ቁጥጥርና የወንጀል ማስረጃ ፍለጋ የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው የፍርድ ቤት ማዘዣ ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው ቤቱ ለጤና አደገኛ ነው ብሎ ካመነ እዚያው ሥራውን ማገድ ይችላል፤ እግዱ ግን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ነው። በቃል «ዝጋ» ብሎ፣ በኋላ ደግሞ «ለሻይ» የሚል ሰው ተቆጣጣሪ ቢሆንም እንኳ በዚያ ሰዓት ተቆጣጣሪነቱን ትቷል። ስሙን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና የመጣበትን ሰዓት መጻፍ ይበቃል፤ ክርክር አያስፈልግም። የሚያዝ ምግብ ካለም ዝርዝሩ ተጽፎ ተፈርሞ ይቀበሉ።

ሲገባ የሚያየው ቅደም ተከተል ብዙም አይለያይም። እጅ መታጠቢያው የሳህን ማጠቢያ ሆኗል ወይስ ለብቻው ነው? ሳሙና አለ? ጥሬ ሥጋ ከበሰለው በላይ ተቀምጦ ይንጠባጠባል? ዶሮው ከሰላጣው ተለይቷል? የእንጨቱ መክተፊያ ተሰንጥቋል? ቆራጩ ቁስል ይዞ ይሠራል? የአይጥ ፍግ አለ? የአይጡ መርዝስ የት ተቀምጧል? ከ2024 ወዲህ ይህኛው ጥያቄ ወደ ላይ ወጥቷል። ሥጋው ከየትኛው ቄራ መጣ? የአቅራቢውን ደረሰኝ በቀን በቀን ያሰረ ሰው ለዚህ ጥያቄ በአንድ ደቂቃ ይመልሳል።

የታዘዘው ሲስተካከል «አስተካክያለሁ፣ ድጋሚ ይታይልኝ» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅና ቅጂውን ማስቀረት ይገባል። ቤቱ በታገደበት ጊዜ ሰርቲፊኬቱም አብሮ ይታገዳልና፣ የተሰቀለውን እያሳዩ መሸጥ ሌላ ጥፋት ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር ቀርቷል። ጄፒ ላይ ሱቅ የሚለዋወጠው በቁልፍ ሽያጭ ነው፤ ዕቃው፣ ፍሪጁ፣ ደንበኛው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። ሰርቲፊኬቱ ግን ከሰው ወደ ሰው፣ ከቤት ወደ ቤት አይተላለፍም። ቁልፉን የገዛ ሰው በራሱ ስም ማመልከት አለበት፤ ከሻጩ ጋር የመጨረሻውን ክፍያ ከመጨረሱ በፊት ተቆጣጣሪውን ጠርቶ ቤቱን ቢያሳይ፣ የፍሪጁ ጎማ የተቀደደ መሆኑን የሚሰማው ዋጋው ገና ለድርድር ክፍት ሳለ ነው።